መነኩሴ የሌለበት ገዳም

ባዝ ለኢትዮጵያውያን የስደት ዘመን ከተማ ናት፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ አገራቸው በጣሊያን በተያዘች ጊዜ የኖሩባት። ከተማዋ መሀል ላይ የቆመው አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ግን የራሱ የመፍረስ፣ የመለመንና የመጠገን ታሪክ አለው።

ሁለቱ መሰላሎች

ከረፋዱ አራት ሰዓት ካለፈ በመሀል ከተማው አደባባይ መላወሻ አይገኝም። በቀኝ በኩል ወደ ሮማውያን መታጠቢያ ለመግባት የተሰለፈው ሕዝብ ግድግዳውን ተደግፎ ቲኬቱን በስልኩ ይፈልጋል። መሀሉ ላይ አንድ ጊታር መቺ ድምፅ ማጉያውን ተክሎ ሥራውን ጀምሯል። የትምህርት ቤት ልጆች አስተማሪያቸውን ተከትለው ይተራመሳሉ። ይህ ሁሉ ግርግር የሚካሄደው በአንድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው።

ቀና ላለ ሰው የምዕራቡ ፊት እንግዳ ነገር ያሳያል። በትልቁ መስኮት ግራና ቀኝ በቆሙት ሁለት ማማዎች ላይ ከታች እስከ ላይ የድንጋይ መሰላል ተቀርጿል። መላእክት በመሰላሉ ይወጣሉ፤ ይወርዳሉ። የሚወርዱት በጭንቅላታቸው ተዘቅዝቀው ነው፤ ድንጋይ ጠራቢው አቅጣጫቸውን የሚያሳይበት ሌላ ዘዴ ያላገኘ ይመስላል። ማር መሰሉ የአካባቢው ድንጋይ ለስላሳ በመሆኑ የአምስት መቶ ዓመት ዝናብ የብዙዎቹን ፊት አሟሙቶታል፤ አንዳንዶቹ በኋላ ዘመን የተተኩ ናቸው። የያዕቆብን ሕልም ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ ሥዕል አስተርጓሚ አያሻውም። አስጎብኚዎቹ ግን ሕልሙን ያየው ያዕቆብ ሳይሆን አንድ እንግሊዛዊ ጳጳስ ነው ይላሉ። እሱ ጋ እንደርሳለን።

ቦታው «ባዝ አቢ» ይባላል፤ የባዝ ገዳም እንደ ማለት። መነኩሴ ግን ከ1539 ወዲህ አልኖረበትም (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የጳጳስ መንበርም የለውም። ጳጳሱ ምንም እንኳ «የባዝና የዌልስ» ተብለው ቢጠሩ፣ መንበራቸው ያለው ከዚህ ወደ ደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በትንሿ ከተማ በዌልስ ነው። በቅዱስ ጴጥሮስና በቅዱስ ጳውሎስ ስም የቆመው የባዙ ሕንፃ ስፋቱና ቁመቱ ጎብኚውን ቢያሳስተውም፣ ሕፃን የሚጠመቅበት፣ ሙሽራ የሚገባበት፣ ሰበካ ጉባኤው ስለ ጣሪያ ፍሳሽ የሚነታረክበት አጥቢያ ነው።

> ሲያዩት ካቴድራል ይመስላል፤ በማዕረጉ ግን አጥቢያ ነው።

የማን ነው ጥገናው?

የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያንን በስም የማያውቅ ጥቂት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቅዱስ ማቴዎስ የሚባለው አጥቢያ አለ፤ ጋምቤላ ውስጥም ምእመናኑ በርካታ ናቸው። ስለ አመጣጡ አብዛኞቻችን የምናውቀው ግን አንድ ወሬ ነው፦ ሚስቱን ለመፍታት የፈለገ ንጉሥ የመሠረተው ሃይማኖት ነው የሚለውን። ወሬው ግማሽ እውነት አለው። ሄንሪ 8ኛ በ1534 ራሱን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ አድርጎ ከሮም ተቆራረጠ። ቅዳሴው በእንግሊዝኛ የሆነው፣ ካህናትም ትዳር እንዲይዙ የተፈቀደላቸው ግን በልጁ በኤድዋርድ ዘመን ነው።

ከዚያ ሁሉ ነውጥ ሳይናጋ የወጣው የአጥቢያው ሥርዓት ነው። እንግሊዝ ከዳር እስከ ዳር በአጥቢያ ተሸንሽናለች። ሰው የሚቆጠረው በንስሐ አባት ሳይሆን በሚኖርበት መንደር ስለሆነ፣ ደጁን ረግጦ የማያውቀው ጎረቤት እንኳ በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ልጋባ ቢል መብት አለው። ጥገናውም በልማድ የተከፋፈለ ነበር፤ መቅደሱን አስተዳዳሪው ያድሳል፣ ሕዝቡ የሚቆምበትን ክፍል ሕዝቡ ራሱ ያድሳል። ንጉሡ የቤተ ክርስቲያኑ የበላይ ስለሆነ ወጪውን የሚችለው መንግሥት ነው ብሎ የሚያስብ የውጭ ሰው ብዙ ነው። የካህናቱ ደመወዝ እንኳ ከመንግሥት ካዝና አይወጣም።

የባዝ አቢን ታሪክ በነገሥታቱና በጳጳሳቱ ተራ መተረክ የተለመደ ነው። የመመሪያ መጻሕፍቱም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ሕንፃውን ያቆየው ግን ዘውድ አይደለም። ከላይ ጣሪያው፣ ከታች ወለሉ በየዘመኑ «ማን ይክፈል?» የሚል ጥያቄ እያስነሡ ነው እዚህ የደረሰው። መልሱም አንድ ጊዜ እንኳ በቀላሉ ተገኝቶ አያውቅም።

ንጉሥ የተቀባበት

የመጀመሪያው ምዕራፍ አጭር ነው። በሰባተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ኦስሪክ የሚባል የአካባቢው ንጉሥ ለሴት መነኮሳት እዚህ ርስት ሰጠ። በኋላ የወንዶች ገዳም ሆነ። በ973 በበዓለ ጰራቅሊጦስ ዕለት ንጉሥ ኤድጋር በካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ በዱንስታን እጅ ቅብዐ መንግሥት ተቀብቶ እዚሁ ዘውድ ጫነ። ከነገሠ ዐሥራ ምናምን ዓመት ሆኖታል፤ በሥርዓት የተቀባው ግን ያን ቀን ነው።

ዱንስታን ያሰናዳው ሥርዓተ ንግሥ ዛሬም የእንግሊዝ ነገሥታት የሚነግሡበት ሥርዓት መሠረት ነው። በ2023 ቻርልስ 3ኛ ሲነግሡ በቴሌቪዥን የተከታተለ ሰው፣ ንጉሡ ካባቸውን አውልቀው ለመቀባት በመጋረጃ ሲከለሉ አይቷል። የሥርዓቱ ግንድ ወደዚች የፍል ውኃ ከተማ ይወስዳል። ኤድጋር የተቀባበት ሕንፃ ራሱ ግን ዛሬ ቆሞ አይታይም።

ሐኪሙ ጳጳስና ሕልመኛው ጳጳስ

ከኖርማኖች ወረራ በኋላ፣ ከፈረንሳይ ቱር ከተማ የመጣ ጆን የሚባል ሰው የአውራጃው ጳጳስ ሆነ። ሐኪም ነበር፤ ፍል ውኃዋ ሳትማርከው አልቀረችም። በአመፅ የተቃጠለችውን ባዝን ከንጉሡ በገንዘብ ገዛት፤ መንበሩንም ከዌልስ አንሥቶ ወደዚህ አመጣው። ቀጥሎ የጀመረው ካቴድራል ከአቅሙ በላይ የሆነ ሕንፃ ነበር። ዛሬ ጎብኚው አንጋጦ «እንዴት ሰፊ ነው!» የሚልበት ቤተ ክርስቲያን በሙሉ የተሠራው የያኔው ካቴድራል ሕዝብ በሚቆምበት ክፍል ላይ ብቻ ነው። የቀረው ቦታ አሁን የከተማ ጎዳና ሆኗል።

ቀጣዮቹ ጳጳሳት ቀስ በቀስ ወደ ዌልስ ተመለሱ። ባዝ ላይ የቀሩት ጥቂት መነኮሳት ያን ግዙፍ ሕንፃ መጠገን አልቻሉም። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጳጳስ ኦሊቨር ኪንግ ሊጎበኝ ሲመጣ ያገኘው ፍርስራሽ ነበር።

ትውፊቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጳጳሱ በባዝ ሳለ በሕልሙ ሰማይ ድረስ የተዘረጋ መሰላል፣ የሚወጡና የሚወርዱ መላእክት፣ ከሥሩም ዘውድ የደፋ የወይራ ዛፍ አየ። ድምፅም «ወይራው ዘውዱን ያቁም፣ ንጉሡም ቤተ ክርስቲያኑን ያድስ» አለው። ስሙ በእንግሊዝኛ ወይራንም ንጉሥንም የሚያስታውስ ነውና ትእዛዙን ለራሱ ተረጎመው። በምዕራቡ ፊት ላይ ከመላእክቱ ጎን የወይራ ዛፍ፣ ዘውድና የጳጳስ አክሊል አብረው ተቀርጸዋል። የታሪክ ሰዎች ግን ትውፊቱን በጽሑፍ የምናገኘው ጳጳሱ ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው ብለው ይጠራጠራሉ፤ ከቅርጹ ታሪኩ ተፈጥሮ ይሆናል የሚሉም አሉ። መላእክት ሌሊት ሌሊት ከጠራቢዎቹ ጋር ሠሩ በሚባልበት በላሊበላ አገር ያደገ አንባቢ በዚህ ክርክር ብዙም አይደነግጥም።

ክርክር የሌለበት የድንጋዩ ሥራ ነው። ጳጳሱ የቀጠራቸው ሮበርትና ዊልያም ቨርቱ የንጉሡ ግንበኞች ነበሩ። በእንግሊዝም በፈረንሳይም አቻ የማይገኝለት ጣሪያ እንሠራለን ብለው ቃል ገቡ። በመቅደሱ በኩል ያለው ጣሪያ ዛሬም ምስክራቸው ነው። ከእያንዳንዱ ምሰሶ ጫፍ የድንጋይ ዘንጎች እንደ ተዘረጋ ማራገቢያ ይበተኑና ከማዶ ከሚመጣው ጋር መሀል ላይ ይገናኛሉ። ያየው ሁሉ ድንጋይ መሆኑን አያምንም። ኪንግ ግን የዚህን ሥራ ፍጻሜ ሳያይ በ1503 ሞተ።

ከተማው እምቢ ያለው ሽያጭ

የሕንፃው ሥራ ገና አልቆ አልጠራም፤ በ1539 የሄንሪ 8ኛ ሹማምንት መጥተው ገዳሙን ዘጉ። የገዳሙ አለቃ ፈርሞ አስረከበ፤ መነኮሳቱም ጡረታ ተቆርጦላቸው ተበተኑ። ለንጉሡ ሰዎች ገዳም ማለት ብረትና እርሳስ ነበር። የጣሪያው እርሳስ ተገፈፈ፣ መስተዋቱ ወጣ፣ ደወሎቹ ወረዱ፣ ብረቱ ተነቀለ።

ከዚያ የሆነው ነገር ያስቃል፤ ያሳዝናልም። በኋላ የተጻፈ ዘገባ እንደሚለው ሹማምንቱ ሕንፃውን ለከተማው ምክር ቤት በአምስት መቶ ማርክ (በዘመኑ የሒሳብ ገንዘብ) ሊሸጡለት ጠየቁ። የምክር ቤቱ ሰዎች ዋጋው እጅግ ረከሰባቸው። «ይህ ነገር ወጥመድ ቢሆንስ? ንጉሡን አጭበረበራችሁ ብንባልስ?» ብለው እምቢ አሉ። ሕንፃው ለግል ሰዎች ተሸጠ። ጣሪያ አልባው ቤት ለሠላሳ ዓመት ያህል ዝናብ ተቀበለ።

> «ዋጋው እንዲህ የረከሰ ነገር ወጥመድ ቢሆንስ?» ብሎ ከተማው የገዛ ቤተ ክርስቲያኑን አልገዛም አለ።

በ1572 የወቅቱ ባለቤት ኤድመንድ ኮልትኸርስት የቀረውን አጥንት ለከተማው በነጻ ሰጠ፤ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ይሁን ብሎ። ከሞተው ገዳም አጥቢያው የተወለደው በዚህ ነው። ምክር ቤቱ አሁን እምቢ ለማለት ሰበብ አልነበረውም፤ ገንዘብም አልነበረውም። ንግሥት ኤልሳቤጥ 1ኛ ለሰባት ዓመት በመላ እንግሊዝ መዋጮ እንዲሰበሰብ ፈቀደች። ጎዳና ዳር ዣንጥላ ዘርግቶ «ለሕንፃ ማሠሪያ» ሲባል ላደገ አንባቢ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። የባዝ ሰው ያልቻለውን ጣሪያ ባዝን አይቶ የማያውቅ ገበሬ ሳንቲም አዋጣለት። በተገኘው ገንዘብ የምሥራቁ ክፍል ተሸፈነ፤ የምዕራቡ ግን ባዶ ሰማይ እንደ ለበሰ ቀረ።

ቀሪውን ጣሪያ ያስገኘው የአንድ ቀልደኛ ተንኮል ነው ይባላል። ሰር ጆን ሃሪንግተን የኤልሳቤጥ የክርስትና ልጅ፣ ገጣሚና በባዝ አቅራቢያ ባለችው በኬልስተን መንደር የሚኖር ባለ ርስት ነበር። ዓለም ይበልጥ የሚያውቀው ግን በውኃ የሚታጠብ መጸዳጃ በመፈልሰፉ ነው። አዲሱ ጳጳስ ጄምስ ሞንታግዩ በከተማው ሲዘዋወር ዝናብ ይጥላል። ሃሪንግተን «እዚህ እንጠለል» ብሎ ይዞት ይገባል፤ የገቡት ጣሪያ በሌለው በኩል ነው። ጳጳሱ እየራሰ «እዚህም እኮ ይዘንባል» ይላል። ሃሪንግተንም ይህ ቤት ከሰማይ ውኃ ካላዳነን ሌላውን ከሲኦል እሳት እንዴት አድርጎ ያድናል ብሎ መለሰለት ይባላል። ታሪኩ ሲነገር ቅመም ሳይጨመርበት አልቀረም፤ ሃሪንግተን ለቀልድ የማይሰንፍ ሰው ነበር። ሞንታግዩ ግን በእርግጥ አንድ ሺህ ፓውንድ ሰጥቷል፤ ጣሪያውም በርሱ ዘመን ተሸፍኗል። ዛሬ በሰሜኑ በኩል በእብነ በረድ መቃብሩ ላይ እጆቹን አጣምሮ ተኝቷል። የምዕራቡን ባለ ቅርጽ የእንጨት በር የሰጠው ወንድሙ ነው።

ለመዳን የመጡ ሙታን

በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን ባዝ የእንግሊዝ ሀብታሞች መዝናኛ ሆነች። ምክንያቱ ውኃዋ ነው፤ ከመሬት ሲወጣ ሙቀቱ 46 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ በቀን ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ ይፈልቃል። ሐኪሞች ለሪህም ለሆድም ለሐዘንም ያዙት ነበር። ለመታጠብና ለመጠጣት የሚመጣው ሰው ሲበዛ፣ ለቁማርና ለጭፈራ የሚመጣው በለጠ።

አቢው ከዚህ ገቢ ድርሻውን አላጣም። ባለገንዘብ እንግዳ ወደ ከተማ ሲገባ ደወል ይደወልለታል፤ ሒሳቡን ይከፍላል፤ ከተማውም አዲስ ሰው መግባቱን ይሰማል። ሱቆችና ቤቶች የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ተደግፈው ተሠሩ። እግረኛው መንገዱን ለማሳጠር ከአንዱ በር ገብቶ በሌላው ይወጣ ስለነበር፣ ጄኔራል ዌድ የተባሉ የከተማዋ የፓርላማ ተወካይ በሰሜን በኩል ተለዋጭ መተላለፊያ በገንዘባቸው አስከፈቱ። የተለጠፉት ቤቶች የተነሡት በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ነው።

ለመዳን የመጣው ሁሉ ግን አልዳነም። ውስጡን የሚያይ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ይህን ነው፤ ግድግዳው ከወገብ በላይ ነጭ ቦታ የለውም። ከስድስት መቶ በላይ የመታሰቢያ ጽላቶች ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ተሰቅለዋል። የባዝን የጭፈራ ሥርዓት ይመራ የነበረው ቦ ናሽ እዚህ ተቀብሯል። የሕዝብ ቁጥር ከምግብ ፈጥኖ ያድጋል ያለው፣ ስሙ ከረሃብ ክርክራችን ጋር ሁልጊዜ የሚነሣው ቶማስ ማልተስም እንዲሁ። አሜሪካዊ ሴናተር፣ የአውስትራሊያ የመጀመሪያ አገረ ገዥ፣ የምዕራብ ኢንዲስ የሸንኮራ እርሻ ባለቤቶች፣ የሕንድ ቅኝ ግዛት ሹማምንት ስማቸው ጎን ለጎን ነው። ጽሑፎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሁሉም ደግ፣ ሁሉም ቸር፣ ሁሉም ለድሀ አዛኝ።

ደግነቱ ከየት በመጣ ገንዘብ እንደ ተቀረጸ አጥቢያው ራሱ በ2021 በዐውደ ርእይ ጠየቀ። የእብነ በረዱን ዋጋ የከፈለው በካሪቢያን ደሴቶች በባርነት የሠራው ሰው ጉልበት የሆነባቸው ጽላቶች አሉና። አንዳንድ ምእመናን ጽላቶቹ ይውረዱ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ማንሣት ታሪኩን ማፅዳት ነው፣ ይልቅ ከጎናቸው እውነቱ ይጻፍ ባዮች ናቸው። የኋለኞቹ ሐሳብ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ባዶ ግድግዳ ማንንም አይከስስም።

> ሁሉም ደግ፣ ሁሉም ቸር፣ ሁሉም ለድሀ አዛኝ። ገንዘቡ ከየት መጣ?

የጎደለው ጣሪያ ሲሞላ

ሞንታግዩ የከፈለበት ጣሪያ እንጨትና ልስን ነበር። የቨርቱ ወንድማማቾች የድንጋይ ማራገቢያ ከመቅደሱ በኩል ብቻ ቀርቶ፣ ምዕራቡ ለሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በተራ ልስን ኖረ። ከ1860ዎቹ ጀምሮ አርክቴክት ጆርጅ ጊልበርት ስኮት ልስኑን አፍርሶ በድንጋይ ቀጠለበት። የሁለቱን ጣሪያ ልዩነት ለመለየት ዓይን ይጠይቃል፤ አራት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ልዩነት ነው። አስተዳዳሪው ቻርልስ ኬምብል ከግል ኪሳቸው ጭምር አውጥተዋል። ስኮት አጥንት የሞላውን ወለል አነሣሥቶ አግዳሚ ወንበሮችን በረድፍ ተከለበት። ያ ወንበር ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት አደረሰ።

ንጉሠ ነገሥቱና ቦምቡ

በ1936 ነሐሴ ላይ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከለንደን ወደ ባዝ መጡ። የመጀመሪያው ምክንያት ያው ውኃው ነው። ቆየት ብለው ፌርፊልድ የሚባለውን ቤት ገዙ፤ የሚገኘው ወደ ሃሪንግተን መንደር ወደ ኬልስተን በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። በግቢው ውስጥ በግዕዝ የሚጸለይበት ቦታ አዘጋጅተው ነበር። «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ከሚለው የሕይወት ታሪካቸው ከፊሉ የተጻፈው እዚያ ነው። አራት ዓመት ገደማ እንደ ማንኛውም የባዝ ነዋሪ በአንድ የአንግሊካን አጥቢያ ክልል ኖሩ፤ በ1940 ሰኔ ወደ ሱዳን በረሩ። ከነጻነት በኋላ በ1954 ተመልሰው የከተማዋን የክብር ነዋሪነት ተቀበሉ።

ቦምቡ የወረደው ከሄዱ በኋላ ነው። እንግሊዞች ጥንታዊቱን የጀርመን ከተማ ሉቤክን ስላቃጠሉ፣ ጀርመኖች የእንግሊዝን ታሪካዊ ከተሞች እየመረጡ መቱ። በ1942 ሚያዝያ መጨረሻ በሁለት ሌሊት ባዝ ውስጥ ከአራት መቶ በላይ ሰው ሞተ። አቢው ቆመ፤ የኢየሱስን ሕይወት በሃምሳ ስድስት ትዕይንት የሚያሳየው የምሥራቁ ትልቅ መስኮት ግን ክፉኛ ተጎዳ። ጥገናው ወደ 1950ዎቹ ዘለቀ። የመጀመሪያውን መስኮት ከሠሩት የአንዱ የልጅ ልጅ ልጅ ሥራውን መራው። መስኮቱ በዚህ ቤት ከምንም በላይ ይከብራል፤ የግድግዳው አብዛኛው ክፍል መስተዋት ስለሆነ ቤተ ክርስቲያኑ «የምዕራቡ ፋኖስ» የሚል ቅጽል ስም አትርፏል።

ወለሉ ሲሰምጥ

ጣሪያው ከተፈታ በኋላ ወለሉ ተነሣ። እስከ 1840ዎቹ ድረስ የባዝ ሰው የሚቀበረው ከዚሁ ወለል በታች ነበር። አንዱ በሌላው ላይ፣ ጥልቀቱ ሳይለካ፣ በሺዎች። አስከሬኑ ሲበሰብስ ሣጥኑም ይበሰብሳል፤ አፈሩ ይሰረጉዳል፤ ከድንጋዩ በታች ክፍተት ይቀራል። በዘመናችን የሕንፃ ባለሙያዎች ሲመረምሩ አንዳንድ የመቃብር ድንጋይ ሊሰምጥ ጥቂት ቀርቶት ባዶ አየር ላይ ተጋድሞ አገኙት። ከ2018 ጀምሮ ወለሉ በሙሉ በክፍል በክፍል እየተነሣ መሞላት ጀመረ።

ሥራው የዘገየበትና የተወደደበት ምክንያት በአንድ ድንጋይ ይገለጻል። ድንጋዩ ይጠረጋል፤ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ፎቶ ይነሣል፤ ቀስ ብሎ ይነሣል። ከተሰነጠቀ ይጠገናል። ከበታቹ ያለውን አፈር አርኪዮሎጂስቶች ያዩታል። ክፍተቱ ይሞላል፤ የማሞቂያ ቧንቧ ይዘረጋል፤ ድንጋዩም ወደ ቦታው ይመለሳል። እንዲህ የተነሡት ከስምንት መቶ በላይ ናቸው። የስኮት ወንበር ለመቶ ሃምሳ ዓመት ከእግር የከለላቸው ጽሑፎች ትናንት የተቀረጹ ይመስሉ ነበር። ከሥር ደግሞ ከኖርማኑ ካቴድራል የተረፈ የሸክላ ንጣፍ ወለል ብቅ አለ። ሞንታግዩና ኮልትኸርስት የረገጡት ሁሉ ከእርሱ በላይ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሊያነሣው የሚችለው ጥያቄ አለ። በ2023 የልዑል ዓለማየሁ አጽም ከዊንዘር ወደ አገሩ ይመለስ ሲባል የቤተ መንግሥቱ መልስ፣ አብረውት ያረፉትን ሙታን ሳንረብሽ አይቻልም የሚል ነበር። ባዝ ግን አንድ ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ወለሉን አንሥቶ፣ በሺዎች በሚቆጠሩ ሙታን መካከል በጥንቃቄ ሠርቶ ጨረሰ። ንጽጽሩ ልክ በልክ አይደለም፤ የዊንዘሩ አጽም የተቀላቀለበት ቦታ ሌላ ችግር ሊኖረው ይችላል። ጥንቃቄው ካለ ግን የሚቻለው ምን ያህል እንደሆነ ባዝ ያሳያል።

ለሙቀቱ ያገኙት መላ የከተማዋ የራሷ ነው። ፍል ውኃው ሮማውያን በሠሩት ጥንታዊ የድንጋይ ቦይ ወደ አቮን ወንዝ ይፈስሳል። አጥቢያው በቦዩ ውስጥ ሙቀት የሚስብ መሣሪያ አስገብቶ የወለሉን ቧንቧ ያሞቃል። ውኃው ራሱ አይወሰድም፤ ሙቀቱ ብቻ ይወሰዳል። በክረምት ካፖርቱን ሳያወልቅ ቅዳሴ የጨረሰ ምእመን በዚህ ይደሰታል። ጎብኚው ግን አያስተውለውም።

የወንበሩ ጉዳይ ግን በሰላም አላለፈም። አጥቢያው የስኮትን አግዳሚ አንሥቶ የሚደረደር ወንበር ሊያስገባ ሲነሣ የቪክቶሪያ ዘመን ቅርስ ተቆርቋሪዎች ተቃወሙ። ጉዳዩ እንግሊዞች ለእንዲህ ዓይነቱ ክርክር ባቆዩት የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ታየ፤ ለአጥቢያው ተፈረደለት። አሁን መሀሉ ሲፈለግ ባዶ ይሆናል። ለኮንሰርትም፣ ለምርቃትም፣ ለግብዣም። አረጋውያን ምእመናን ግን አያቶቻቸው የተቀመጡበት አግዳሚ የት እንደ ደረሰ ዛሬም ይጠይቃሉ።

የሳምንቱ ሥራ

ጠቅላላ ወጪው ወደ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ተጠግቶ ነበር፤ ግማሽ ያህሉን የብሔራዊ ሎተሪ የቅርስ ፈንድ ሰጠ፤ ቀሪውን አጥቢያው ከለጋሾች ለቃቅሞ ሞላ። ሰባት ዓመት በመላ አገሪቱ የተዞረበት የኤልሳቤጥ ዘመን መዋጮ መልኩን ለወጠ እንጂ አልቀረም። ዛሬ ጎብኚ ለመግባት ይከፍላል፤ ለጸሎት የመጣ አይከፍልም። በሩ ላይ የሚቆሙት በጎ ፈቃደኞች የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት የሚቸገሩበት ጊዜ አለ። ካሜራ ያንጠለጠለ ሰው ጥቂት ቆይቶ ተንበርክኮ ይገኛል።

የአደባባዩ ሙዚቀኞች ነገርም ገና አላለቀም። ካህናቱ የድምፅ ማጉያ ሥርዓተ ቀብርን እንኳ ይረብሻል ብለው ለምክር ቤቱ ደጋግመው አቤት ብለዋል። ሙዚቀኞቹ ቦታው የሕዝብ ነው ይላሉ። ነጋዴዎቹ እንደየሱቃቸው ይከፋፈላሉ።

ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ሲመጣ ደግሞ ከመላእክቱ መሰላል ቀጥሎ የሚጠይቀው የጃንሆይን ቤት ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ፌርፊልድን በ1958 ለከተማው ሰጥተውታል፤ ለአረጋውያን እንዲያገለግል። እንደ ኮልትኸርስት ስጦታ ሁሉ ይህም ከጊዜ በኋላ «ማን ይጠግነው? ማን ያስተዳድረው?» የሚል ክርክር አስነሥቶ ነበር። አሁን የማኅበረሰብ ድርጅት ይዞታል። ከካሪቢያንና ከሌላም አገር የመጡ የባዝ አረጋውያን ይሰባሰቡበታል፤ ራስታዎችም ይሳለሙታል። ከአቢው በስተ ምዕራብ፣ ኒውብሪጅ በሚባለው ሰፈር፣ ኬልስተን መንገድ ላይ ነው። በየቀኑ ለጎብኚ ክፍት ስላልሆነ ከመሄድ በፊት መጠየቅ ይበጃል።